የዶክተሯ አባት

አንድ አባት በልጁ ፋንታ የትምህርት ዘርፍ መረጠ፤ ልጅቷም ወደቀች። ነገሩ ይኸው ነው። ምቀኛ የለበትም፤ መተት የለበትም፤ የጎረቤት ዓይን የለበትም። አባት መረጠ፣ ልጅ ወደቀች።

ሰውዬው ክፉ ነበር? ክፉ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለ እሱ ባልተነሣ። ከክፉ ሰው ሁላችንም እንጠነቀቃለን። ይህ ግን ደግ ሰው ነው። ወፍጮ ቤት አለው። አሥራቱን ያወጣል፤ እሑድ ከሁሉም ቀድሞ መጥቶ ወንበር ይደረድራል፤ የታመመ ይጠይቃል። እንደ እናንተ ያለ ሰው ነው። የሚያናድደውም ይኸው ነው።

ስሙ ሄራሞ ነው። ልጁ ጽናት ትባላለች። ጽናት ገና ጨቅላ ሆና ለቡራኬ ወደ መድረክ በቀረበች ቀን፣ ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ አገልጋይ ተቀብሎ አቀፋት፤ ዓይኑንም ጨፈነና፣ «ነጭ ጋውን ይታየኛል!» አለ። ጉባኤው ምን አለ? «አሜን!» አለ። እልልታው ቆርቆሮውን ሊያነሣው ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል፣ «ወንድሜ፣ የልጅቷ አንገት እንኳ ገና አልጠናም፤ ትንሽ ብንጠብቅስ?» ያለ አንድ ሰው አልተገኘም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሟ የሚጠራት ጠፋ። ቤተ ክርስቲያን «ዶክተርዬ»፣ ገበያ «ዶክተርዬ»፣ መንገድ ላይ «ዶክተርዬ»። ጉንፋን የያዘው ሁሉ ግንባሩን አስጠግቶ፣ «እስቲ ዳብሺኝ ዶክተር፣ ትኩሳት አለኝ?» ይላታል። ሕፃን ልጅ እኮ ናት! አባትየውም አዲስ ስም አገኘ። እህል ሊያስፈጭ የመጣ ሁሉ፣ «የዶክተሯ አባት፣ እንዴት አደሩ?» ይለዋል። እሱም ጢሙ በዱቄት እንደነጣ ፈገግ ይላል።

ያ ሰላምታ ለዚህ ሰው ምን ማለት እንደነበር ታውቃላችሁ? ሄራሞ ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነው። እናቱ ታማ ሆስፒታል ባደረሳት ጊዜ፣ «ምን ሆና ነው?» ብሎ ሐኪሙን ጠየቀው። ሐኪሙ ቀና ብሎ ሳያየው አለፈ። ሄራሞ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ቀረ። እናቱ ሞተች፤ በምን እንደሞተች ግን የነገረው የለም። የዚያን ዕለት በልቡ ማለ፦ ከእኔ ቤት አንድ ሰው ያን የሐኪም ነጭ ጋውን ይለብሳል።

ይገባናል። ሐዘኑ ሐዘን ነው። ግን የእሱ ሐዘን የእሷ ሙያ የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው?

ጽናት ምን ትወድ ነበር? ማን ጠየቃት? እናቷ አየለች በርበሬ ነጋዴ ናት። ጽናት ከትምህርት ቤት ስትወጣ እናቷ ዘንድ ሄዳ ገበያ ትውላለች፤ አፏም ሥራ አይፈታም። ነጋዴውን ትጠይቃለች፤ የጭነት መኪና ሾፌሩን ትጠይቃለች። «ባለፈው ሳምንት የተወደደው በርበሬ ዛሬ ለምን ረከሰ? መንገድ ሲዘጋ የሚጠቀመው ማነው? ገበሬው ደህና ምርት ባገኘበት ዓመት ለምንድነው የሚከስረው?» አሥረኛ ክፍል ኢኮኖሚክስ የሚያስተምራት መምህር አንድ ቀን መልስ አጥቶ፣ «ነገ አንብቤ ልምጣ» ብሏታል። ኬሚስትሪ ግን ታጠናለች፣ አይገባትም። ትሸመድዳለች፣ ይጠፋባታል። እንደገና ትሸመድዳለች፣ እንደገና ይጠፋባታል።

ምርጫዋም የዘፈቀደ አልነበረም። በከተማቸው ወዳለው የገበሬዎች ዩኒየን ሄዳ፣ የምርት ግዢውን የምትመራውን ሴት በር ላይ ጠብቃ፣ «እርስዎ የሚሠሩትን ለመሥራት ምን መማር አለብኝ?» ብላ ጠይቃታለች። ሴትየዋም ቁጭ አድርጋ ነገረቻት፤ የትኛው ትምህርት እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው ሥራ እንዳለ፣ የትኛው እንደሌለ። ስለዚህ አሥረኛን ጨርሳ ዘርፍ የመምረጫው ጊዜ ሲደርስ፣ ጽናት «ሶሻል» አለች። ለቤተ ሰቧ አልተናገረችም። ብትናገር የሚሆነውን ታውቀዋለች።

ርዕሰ መምህሩ ግን ከአባቷ ጋር በአንድ የቤት ኅብረት የሚጸልይ ሰው ነው። ወፍጮ ቤት ድረስ መጣ።

«ጋሽ ሄራሞ፣ ዶክተራችን ሶሻል ገብታለች። ያውቃሉ?»

ሄራሞ ወፍጮውን አጠፋ። «ምን ገብታለች?»

«ሶሻል።»

«እሱ የሰነፎቹ አይደለም እንዴ?»

«ኧረ እንደሱ አይበሉ። እንዲያውም ለእሷ ሳይሻላት አይቀርም። ሒሳቧና ፊዚክሷ ደከም ያለ ነው።»

«የደከመውን እግዚአብሔር ያበረታዋል። ናቹራል አድርግልኝ።»

«መምረጥ ያለባት እኮ ራሷ ተማሪዋ—»

«ያን ቀን አንተ አዳራሹ ውስጥ አልነበርክም? አሜን አላልክም?»

ነበረ። ብሏል። ቀየረው።

ልብ በሉ! ይህ ሰው ለበርበሬ አንድ ወፍጮ፣ ለጤፍ ሌላ ወፍጮ አለው። አንዲት ሴት ተቻኩላ፣ «እባክህ በርበሬዬን እዚሁ በጤፉ ፍጭልኝ፣ ወረፋው ረዘመብኝ» ብትለው ይቆጣታል። «እህቴ፣ የሰው እህል ላበላሽ ነው?» ይላታል። ለአንድ ቁና ጤፍ ይህን ያህል ይጠነቀቃል! ለልጁ ሲሆን ግን፣ የትም ብትፈጭ ግድ አልነበረውም።

ጽናት ስትሰማ አለቀሰች። አንድ ሌሊት አለቀሰችና ተወችው፤ የአባት ነገር ነው፣ ምን ታደርግ? ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሎቹ ጥያቄውን ሲሠሩ እሷ የመልሱን መልክ ትሸመድድ ነበር። አስጠኚ ተቀጠረላት። ጾም ጸሎት ተያዘላት። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልትሄድ ስትል የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች መሐል አስገብተው ጸለዩላት፤ እስክሪብቶዋን ዘይት ቀቡት። ዘይት! ለመሆኑ ያልገባን ፊዚክስ ዘይት ያስገባዋል? እግዚአብሔር ለሰው ጭንቅላት ሰጥቶ፣ ዝንባሌ ሰጥቶ፣ ምላስ ሰጥቶ «ይህን አልችልም፣ ያንን እችላለሁ» እንዲል አደረገው። እኛ ግን ምላሱን ዘግተን እስክሪብቶውን እንቀባለን!

ውጤት መጣ። ወደቀች።

የባሰው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ውጤቱ በመጣ በሳምንቱ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች እቤት መጡ። መሪያቸው ጋሽ ኤርጫፎ ናቸው። ጽናት ቦርሳዋን አንግታ ልትወጣ ስትል ነበር የደረሱት። የምትሄደው የማታ ትምህርት ቤት ነበር፤ አሥራ አንደኛ ክፍልን በሶሻል ከመጀመሪያው ልትማር። ምዝገባው የዚያኑ ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። ካለፋት ሌላ ዓመት ቤት መቀመጥ ነው።

«ቁጭ በይ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ኤርጫፎ። «ስለ አንቺ ነው የመጣነው።»

ቦርሳዋን ሳታወርድ ተቀመጠች።

«ይህ እንዲሁ የመጣ ውድቀት አይደለም። የታየልሽን ነገር የሚቃወም መንፈስ አለ። ዛሬ እንሰብረዋለን። ከዚያ ናቹራሉን ደግመሽ ትፈተኛለሽ።»

«ጋሼ፣ መንፈስ አይደለም» አለች ጽናት። «ፊዚክስ ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«አትቀልጂ!» አለ ሄራሞ።

«አልቀለድኩም፣ አባዬ። ኬሚስትሪም አለበት።»

እናቷ አየለች የጓዳውን መጋረጃ ገልጣ ብቅ አለች። «እውነቷን ነው።»

«አንቺ ዝም በይ።»

«አልልም። ሁለት ዓመት ዝም ብዬ ምን አተረፍኩ?»

«አየለች፣ እንግዳ ፊት!»

«እንግዳ ፊት ነው የተበየነባት። እንግዳ ፊት ይፈታ።»

ጋሽ ኤርጫፎ ሁለቱንም በእጃቸው ዝም አሰኙና ጸሎት ጀመሩ። ሌሎቹ ተከተሉ። ድምፅ ከፍ አለ። መንፈሱ ተገሠጸ፤ የውድቀት ሰንሰለት ተበጠሰ፤ ነጩ ጋውን ከጠላት እጅ ተነጠቀ። ሄራሞም ላቡ እስኪንጠባጠብ ጸለየ። በመሐል አንድ ዓይኑን ገልጦ ልጁን አያት። ጽናት ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ትመለከታለች። አሥር ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

ያን ጊዜ ሄራሞ ልጁ ጸሎቱን አቋርጣ ለመመዝገብ ልትሄድ እንደሆነ ገባው። ፈራ። ስለ እሷ ነው የፈራው? የለም! ነገ ጠዋት ወፍጮ ቤቱ በር ላይ የሚሰለፉት ሰዎች ናቸው ፊቱ ድቅን ያሉበት። ምን ብለው ሊጠሩት ነው? «የማን አባት፣ እንዴት አደሩ?» ሊሉት ነው? ልጁ አጠገቡ ተቀምጣ ሌላ ዓመት ሊያመልጣት ነው፤ እሱ ስለ ሰላምታው ያስባል።

እስቲ እዚህ ላይ ቁሙ። የሰው ታሪክ ስለሆነ አንገታችሁን ትነቀንቃላችሁ። ወደ ራሳችሁ ቤት ግቡ።

እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁ ምን እንደሚወድና ምን እንደሚችል ታውቃላችሁ? የትኛውን ትምህርት ሲያነሣ ፊቱ እንደሚበራ፣ የትኛው ደብተር ሲወጣ ሆዴን አመመኝ እንደሚል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወይስ የጎረቤት ልጅ ኢንጂነር ስለሆነ የእናንተም ኢንጂነር ይሁን ነው ነገሩ? «ሶሻል የሰነፍ ነው» ያላችሁ ማነው? ዳኛውን፣ ሒሳብ ሠራተኛውን፣ ባንክ ውስጥ ገንዘባችሁን የሚጠብቀውን ሰው፣ ልጃችሁን ማንበብ ያስተማረውን መምህር ሰነፍ ትሉታላችሁ? በሽተኛ የማይወድ ሐኪም እጅ ላይ ብትወድቁስ? ያን ሄራሞን ኮሪደር ላይ ገትሮት ያለፈውን ሐኪም ማን ሐኪም አደረገው? ምናልባት እሱንም የላከው እንደ ሄራሞ ያለ አባት ነው!

እናንተ ወጣቶች ደግሞ እንዳይመቻችሁ። «ጓደኞቼ ናቹራል ስለገቡ ገባሁ» የምትሉ አላችሁ። «ሶሻል ይቀላል ብዬ ነው» የምትሉም አላችሁ። ሁለታችሁም አልመረጣችሁም፤ ተንከባለላችሁ። ተነሡና የሥራውን ሰው ጠይቁ። በር ላይ ጠብቁት። ምን ተማርክ፣ ምን ትሠራለህ፣ ምን ያስመርርሃል በሉት። «እግዚአብሔር ያውቃል» አትበሉኝ። እሱማ ያውቃል። የማታውቁት እናንተ ናችሁ።

እኛስ፣ ጉባኤው? አሜን ያልን እኛ ነን። ሕፃን አንሥቶ «ነጭ ጋውን» ላለ ሰው ጮኸን አሜን አልን። ልጅቷ ስትወድቅ የትኛችን ነን ሄደን «አጥፍተናል» ያልናት? አሜን ማለት ለእኛ ምንም አያስከፍለንም። የከፈለችው እሷ ናት።

ወደዚያች ቤት እንመለስ። ጸሎቱ አላለቀም። ጽናት ተነሣች።

«አባዬ፣ ሰዓቱ እየሄደብኝ ነው። ብትፈቅድልኝ ደስ ይለኛል።»

የሚጸልዩት አንድ በአንድ አቆሙ። ሄራሞ፣ «ብከለክልሽስ?» አለ።

«ደስ አይለኝም። ግን እሄዳለሁ።»

«እነዚህ አባቶች ፊት? እነሱ እየጸለዩልሽ?»

«ይጸልዩ። ለእኔም ይሆነኛል። ግን ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ምዝገባው ያልፍብኛል።»

«ነገ ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል? ንገሪኝ፣ ምን ልበል?»

«እሱን አላውቅም፣ አባዬ» አለች። «እኔ ሁለት ዓመት አለቀብኝ። ሦስተኛውን አልሰጥህም።»

ጋሽ ኤርጫፎ እጃቸውን ሊጭኑባት ዘረጉ። ጎንበስ ብላ በእጃቸው ሥር አለፈች። ጫማዋን አደረገች። ወደ አባቷ ዞር ብላ አንድ ጊዜ አየችው፤ እሱ ወለሉን ያይ ነበር። ወጣችና በሩን ዘጋችው።