ጡት ሳታስጥል የመጣችው ታካሚ

በአንድ ወቅት፣ ካንሰርን በጨረር ክኒን ማከም ገና ብርቅ በነበረበት ከተማ፣ ታምራት፣ አያንቱና ምንትዋብ የሚባሉ ሦስት ተማሪዎች ለኑክሌር ሕክምና ቴክኖሎጂ ሰርተፍኬት ይማሩ ነበር። አብረው ያጠናሉ፣ አብረው ይበላሉ። ሆስፒታሉ የሚቀጥረው ግን አንዱን ብቻ ነው። መምህራቸው ዶክተር ልሳነወርቅ «አንዲት ታካሚ እሰጣችኋለሁ፤ በእሷ ትፈተናላችሁ» አሏቸው። ጉዱ የመጣው እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው።

ታካሚዋ የሺመቤት ትባላለች። ካንሰሩ አንገቷ ውስጥ ያለውን የታይሮይድ ዕጢ ይዞታል። መድኃኒቷ በአውሮፕላን የመጣ አንድ ፍሬ ክኒን ነው፤ ጨረሩ በየቀኑ ስለሚደክም ተቀምጦ አይጠብቅም። የምታጠባ ሴት ከዋጠችው ደግሞ ጨረሩ በወተቷ አልፎ የሕፃኑንም የአንገት ዕጢ ያቃጥላል። ስለዚህ ጡት አስጥላ እንድትመጣ አስቀድሞ ተነግሯታል። መጣች። አማቷ ሕፃኑን ታቅፋ ደጅ ቀረች። ልጁ ሲያለቅስ ግን የየሺመቤት ቀሚስ ደረቷ ላይ ራሰ። ሦስቱም አዩ።

«አደራችሁን!» አለች ሴትየዋ። «ሌላ ምግብ አልቀምስ ብሎኝ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አላጠባውም፤ ስጡኝ!»

ታምራት አንጀቱ አልቻለም። መምህሩ ዘንድ ገብቶ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «አስጥላለች» አለ። መጀመሪያ ትዋጠው፤ ልጁን በኋላ እንለየዋለን ብሎ ነው።

አያንቱ ተከትላው ገባች። «ውሸቱን ነው፣ ታጠባለች» አለች፣ እዚያው ፊቱ። ልጇ ሲያለቅስ የትኛዋ እናት ትጨክናለች? ብላ ነው። ክኒኑ ሳይደክም ለሌላ ታካሚ፣ ለአንድ ሽማግሌ ተሰጠ፤ ሽማግሌው ዳኑ። የሺመቤት «አስጥለሽ ተመለሺ» ተባለች።

ምንትዋብ እንቅልፍ አጣች። ቀጣዩ ክኒን ሲመጣም ጡቷ ካልደረቀ ሴትየዋ አለቀላት። በማግስቱ የየሺመቤት ቤት ሄዳ ሕፃኑን ከእቅፏ መንጭቃ ወሰደችው። አማትየዋ ፊቷን አዞረች።

«በእመቤቴ! አንዴ ብቻ ላጥባው!»

«ጥዪኝ፤ ብቻ ዳኚ» አለች ምንትዋብ። እያለቀሰች ነው፣ ግን አልቆመችም። ልጁን በማንኪያ እየጋተች፣ በጀርባዋ አዝላ እያጠናች፣ ክኒኑ እስኪመጣ እሷው ዘንድ ያዘችው።

ጡቱስ ደረቀ። ምን ዋጋ አለው! በረራው ተሰርዞ ክኒኑ ለወራት ዘገየ፤ ሲደርስ በሽታው ወደ ሳንባዋ ዘልቆ ጨርሶታል። ምንትዋብ ልጁን አልጋዋ ድረስ ወሰደችላት። የሺመቤት እጇን ዘረጋች። ልጁ ግን እሪ ብሎ የምንትዋብ አንገት ላይ ተጠመጠመ። እናቱን ረስቷታል።

«ክኒኑንም ወሰዳችሁ፣ ልጄንም ወሰዳችሁ» አለች የሺመቤት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ በዚያው ሞተች።

ልጁ ዛሬ ጤነኛ ነው፤ ይሮጣል፣ ምንትዋብንም እማዬ ይላታል። እሷ ግን እማዬ ባላት ቁጥር ያቺ የተዘረጋች እጅ ትታያታለች።

መምህሩ ማን እንደሚቀጠር እስካሁን አልወሰኑም። ታምራት «ብትሰሙኝ ኖሮ ትድን ነበር» ይላል። አያንቱ «ልጁ በጤና ያደገው በእኔ ነው» ትላለች። ምንትዋብ ልጁን ታጎርሳለች።

እናንተ የሰማችሁ፣ በሉ ፍረዱ። ነገ እህታችሁ ደረቷ ርሶ ብትመጣ፣ ክኒኑን ይዞ በሩ ላይ የሚጠብቃት ከሦስቱ ማን ይሁን?