ቅቤ የተቀባው ጎማ

«አንድ ወተት አመላላሽ ነበረ» አሉ አባ ተድላ።

ይህን ያሉት ደብሪቱ ለምትባል ጎረቤታቸው ነው። ልጇን መጠጥ ከያዘው ቆይቷል፤ ትናንት ደግሞ አባቱን ገፍትሮ ጥሎ ከቤት ወጣ። እሷም እያለቀሰች መጥታ፣ «አባቴ፣ በምን ብንይዘው ይሻል ነበር? በአባቱ ቁጣ፣ በንስሐ አባቱ ግዝት ወይስ በእኔ ምክር? የቱ ነበር የሚያቆመው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ሰውየው ከደጋ ወተት ጭኖ በብስክሌት ወደ ከተማ ይወርድ ነበር። መንገዱ ቁልቁለት ነው፣ ያውም ገደል የታከከ። የብስክሌቱ ፍሬን ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዘው ዓይነት ነበር። አንድ ቀን ቁልቁለቱ መሃል ላይ ግሎ ጨሰና ሊከዳው ሲል ለጥቂት ተረፈ። ወደ ጠጋኝ ሄዶ፣ ‹ጥሩው ፍሬን የቱ ነው?› አለው።

«ጠጋኙ ሳቀበት። ‹ጥሩ ፍሬን የሚባል የለም፤ ሁሉም የሚጠላው ነገር አለው። ይሄ ያንተው ዝናብም ጭቃም አይነካውም፤ ግን ሙቀት አይችልም፣ ሰንሰለቱ ከወለቀ ደግሞ ያለህ እግዜር ብቻ ነው። ዲስክ የሚባለው በጎማው መሃል ያለውን የብረት ሳህን ይዞ በአንድ ጣት ቀጥ ያደርግሃል፤ ሳህኑ የተጣመመ ዕለት ግን የሚያቃናልህ ፈልግ። የጎማውን ብረት ግራና ቀኝ የሚነክሰው ላስቲክ ርካሽ ነው፣ ሲያልቅም በዓይንህ ታየዋለህ። ዝናብ ላይ ያንሸራትታል። ቅባት ከነካው ግን ጨርሶ አይይዝም› አለው።

«ሰውየው አገሩ ደረቅ ነውና ላስቲኩን መረጠ። በደንብ ነው የመረጠው፣ እኔም ብሆን እሱኑ ነበር የማስገጥመው።

«እናት ነበረችው። በአገራቸው አዲስ ነገር ቤት ሲገባ ለጋ ቅቤ ተቀብቶ ይመረቃል፤ ጥጃም ይሁን ሙሽራ። እናቱ ማለዳ ተነስታ አዲስ ፍሬን የገባለትን ብስክሌት መረቀች። መሪውን ቀባች፣ ኮርቻውን ቀባች። ከዚያ፣ የሚሄደው ጎማው አይደል ብላ፣ ላስቲኩ የሚነክሰውን ብረት ዙሪያውን እያሸች ቀባችው። ‹ወጥተህ ግባልኝ› አለች።

«ልጇ ሲወጣ ብረቱ ሲያብለጨልጭ አየ። የጠጋኙ ቃል ትዝ አለው። ጨርቅም በእጁ ይዞ ነበር። ግን እናቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ፈገግ ብላ ታየዋለች፤ የእናት ምርቃት በፊቷ እንዴት ይጠረጋል? ጨርቁን ኪሱ ከተተና እጇን ስሞ ሄደ። በመንገድ ይለቃል ብሎ ነው።

«ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው፤ መጀመሪያው ሜዳ ነበር። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ፍሬኑን ጨበጠ። ያዝ አላደረገም። በሁለት እጁ ጨበጠ፣ በጫማው መሬቱን ጫረ፣ እግዚኦ አለ። ወተቱን መንገድ ላይ አገኙት፣ እሱን ገደሉ ሥር።

«ለቅሶው ላይ እናቱ ደረቷን እየደቃች፣ ‹እኔ እኮ ቀብቼው ነበር! እኔ እኮ ቀብቼው ነበር!› ትል ነበር። ጠጋኙም እዚያው ተቀምጧል። አንገቱን ደፋ።»

አባ ተድላ ወደ ደብሪቱ ዞሩ።

«ልጄ፣ የቱ ይሻል ነበር ብለሽኛል። ሁሉም ይይዝ ነበር። አባቱ ተቆጥቶ በሩን ሲዘጋበት በጓሮ ያስገባሽው አንቺ ነሽ። የንስሐ አባቱ ሲገዝቱት ‹ታሞ ነው እንጂ ጠጥቶ አይደለም› ያልሻቸው አንቺ ነሽ። ጠዋት ትመክሪዋለሽ፣ ማታ ‹የኔ ጌታ፣ ደክሞሃል› እያልሽ ጫማውን ታወልቂለታለሽ። ክፋት አልሠራሽም። ወደሽ ነው የቀባሽው፤ እኔንም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ክፉ ብትሆኚ ተቆጥቼሽ ይወጣልኝ ነበር።»

ደብሪቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «አሁን ብጠርገውስ አባቴ?»

«የሚሽከረከር ጎማ አይወለወልም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«የልጅሽ ቁልቁለት የት እንደሚያልቅ ታውቂዋለሽ። ከላይ ሆነሽ አትጣሪ፣ አይሰማሽም። ወርደሽ እዚያ ጠብቂው፣ ሲወድቅ እንድታነሺው። መድረሱን ይደርሳል። ምን ሆኖ እንደሚደርስ ግን አትጠይቂኝ።»