ያለ አፈር የተተከለው ኮሰረት

አንድ ሰው ነበር፤ ጡረተኛ፣ ሚስቱ የሞተችበት። ቆይ ውብሸት፣ ፊትህን አታጥቁር፣ ጥያቄህን አልረሳሁም። «የኔታ፣ አባቴን ከገጠር አምጥቼ፣ አልጋውን አንጥፌ፣ ምግቡን አሟልቼ፣ ወጥቶ መንገድ እንዳይጠፋው በሩን ቆልፌ ነው ሥራ የምሄደው፤ ታዲያ ለምን ይከሳል?» ብለኸኛል። እመልስልሃለሁ። መጀመሪያ የሰውዬውን ስማ።

ሰውዬው ሠላሳ ዓመት የኖረበት ግቢ ፈረሰና ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ደረሰው። ከግቢው ነቅሎ ያመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚስቱን ኮሰረት። በእጇ ተክላ፣ ቅቤ ባነጠረች ቁጥር እየቀነጠበች ያሳደገችው ነው። ልጅ አልነበራቸውም። ልትሞት ስትል «ኮሰረቴን አደራ» አለችው። እሱም አደራውን ተቀበለ።

መጀመሪያ ቆርቆሮ ላይ አፈር ሞልቶ በረንዳው ላይ ተከለው። የታችኛው ቤት ሰዎች ጭቃ ተንጠባጠበብን ብለው አቤት አሉ። ሰውዬው ጭቅጭቅ አይወድም። አንድ የግብርና ባለሙያ ቢያማክር፣ ያለ አፈር በውሃ ብቻ ማሳደግ እንደሚቻል ነገረው። ደስ አለው። የፕላስቲክ ቱቦ ገዛ፣ በጋለ ብረት በሳው፣ በረንዳው ግድግዳ ላይ አጋድሞ አሰረው። ከሥሩ ማዳበሪያ የተበጠበጠበት ውሃ በባልዲ አስቀመጠ፤ ውሃውን ወደ ቱቦው የምትገፋ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ከባልዲው ውስጥ ከተተ። ውሃው በቱቦው ውስጥ ሄዶ ተመልሶ ባልዲው ላይ ይወርዳል። ከዚያ ኮሰረቱን ነቀለና ሥሩን አጠበው። አፈር የሚባል እስኪለቀው ድረስ ሦስት ጊዜ አጠበው፤ ሲጨርስ ሥሩ እንደ ሽማግሌ ፂም ነጭ ሆኖ ተንጠለጠለ። በስፖንጅ ደግፎ ቀዳዳው ላይ አቆመው።

ባለሙያው አስጠንቅቆታል። «አባቴ፣ አፈር ሳምንት ይታገሥዎታል። ይህ ግን ውሃው ከቆመ አንድ ቀን አይታገሥም። መብራት ሲጠፋ በእጁ የሚያጠጣው ሰው ይፈልጋል» ብሎታል። ሰውዬው እሺ አለ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

ኮሰረቱ አማረበት። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን በጣቱ አሸት አድርጎ ያሸታል፤ ያን ጊዜ ሚስቱ ማድ ቤት ያለች ይመስለዋል። ሞተሯ ቀን ከሌት ታጉረመርማለች። በጎን ያለችው ጎረቤቱ፣ አንዲት ባልቴት፣ በግድግዳው በኩል ትሰማታለች። «ይቺ የምታጉተመትመው ምንድን ናት?» ብላ ብትጠይቀው አስገብቶ አሳያት።

አንድ ቀን የአክስቱ ልጅ መሞቱን ከአገር ቤት አረዱት። ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲወጣ ባልቴቷ ደረጃው ላይ አገኘችው። «ነፍስ ይማር። በሉ ቁልፉን ይስጡኝ፣ ተክልዎን አይልዎታለሁ» አለችው።

ሰውዬው ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ዳሰሰው። ባልተጠረገ ቤቱ ሰው እንዲገባ አልወደደም። ደግሞስ በድሮው ግቢ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልቅሶ ሲሄድ ኮሰረቱን ጥሎ አይደል ይሄድ የነበረው? ሳምንት ቆይቶ ሲመለስ እንደነበረ ያገኘው ነበር። «ለሠልስት እኮ ነው፣ ምን ይሆናል ብለው ነው» ብሏት ወረደ። ያን ጊዜ ኮሰረቱን ያቆየለት አፈሩ እንደነበር፣ በአጥር ላይ እጣቢ የምትደፋለት ጎረቤት እንደነበረች አላሰበም። አፈሩን በገዛ እጁ ማጠቡንም ረስቶታል።

በአራተኛው ቀን ተመለሰ። በሩን ሲከፍት ቤቱን የኮሰረት ሽታ ሞልቶታል፤ እንዲህ ሸቶት አያውቅም። ሞተሯ ታጉረመርማለች፣ ውሃው ይፈሳል። ተመስገን አለ። ቅጠሉን አሸት ሲያደርገው እንደ ገለባ ተንኮታኮተ። ሁለት ቀን ሙሉ መብራት ጠፍቶ፣ ሥሩ ባዶ ቱቦ ውስጥ ደርቆ ነበር። መብራቱ የመጣው ኋላ ነው፤ ውሃው የሚፈሰው በሞተ ሥር ላይ ነው።

ባልቴቷ መጣች። «ድምፅዋ ሲቆም ሰምቻለሁ» አለችው። «በሩን ብገፋው ተቆልፏል። ውሃ በጆግ ይዤ ደጁ ላይ ቆምኩ። ምን ላድርግ?»

ሰውዬው «አደራ በላሁ» ብሎ በረንዳው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሯል። ቱቦውን ግን እስኪሞት አላወረደውም።

ይኸው ነው ውብሸት። አባትህ መንደሩ ሳለ አፈር ነበረው። ዕድሩ፣ ማኅበሩ፣ ማለዳ በአጥር ላይ «እንዴት አደርክ» የሚለው ሰው፤ አንተ ዓመት ብትረሳው እነሱ ያቆዩልህ ነበር። ነቅለህ፣ ሥሩን አጥበህ አመጣኸው። ክፋት ነው አልልህም፤ ያ ሰውዬም ክፉ አልነበረም። ግን አፈሩን ካጠብክለት በኋላ ውሃው አንተ ነህ፤ ደከመኝ ብለህ አንድ ቀን መቆም አትችልም። ብቻዬን አልችልም ካልክ ደግሞ ቁልፉን ለሰው ስጥ።

አትቆጣኝ እንጂ፣ ከጎንህ ያሉት ጎረቤቶችህ ባለፈው ቅዳሜ እኔ ዘንድ መጥተው ነበር። «ሽማግሌው ውስጥ ሆነው ሲያንጎራጉሩ እንሰማቸው ነበር፤ አሁን ዝም ብለዋል። ብናንኳኳ ተቆልፏል» አሉኝ። ቁልፉ ይኸው እጅህ ላይ ነው፤ ከመጣህ ጀምሮ ስታሽከረክረው አይሃለሁ። ተነሥ፣ ሂድና ክፈትለት።