ከመብራቱ ሥር ያልተቀመጠው ጫማ

ከምጽዋ ማዶ ባሉት ደሴቶች፣ ሰው ወዳጁን ሲጠረጥር ያዩ እንደሆነ ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። መነሻዋን ላልሰማ ደረቅ ምክር ትመስላለች። ከኋላዋ ግን አንድ ሙሉ ሌሊት አለ፤ ያመጣትም የባሕር ሰው ሳይሆን ጓንጉል የሚባል የደሴ ሰው ነው። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ጨዋታ ያውቃል፣ ያለውን ያበላል፣ የታመመ ይጠይቃል። አንድ አመል ብቻ ነበረችበት፤ ዕቃውን ለማንም አያምንም።

ደግሞም አይፈረድበትም። አንድ ዓመት ለገብርኤል ንግሥ ሄዶ፣ እንደ ወጉ ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ሲወጣ ጫማው የለም። በዚያ በነጭ ልብሱ፣ በባዶ እግሩ ገበያውን አቋርጦ ቤቱ ሲገባ ያላየው ሰው አልነበረም፤ «ጓንጉል፣ ስለት አለብህ እንዴ?» እያለ ያልሳቀበትም የለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ከዚያ ወዲህ ጫማውን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ነው የሚሳለመው።

ይህ ሰው ምጽዋ ጨው ማምረቻ ሲሠራ፣ ኢድሪስ ከሚባል የደሴት ተወላጅ ጋር እንደ ወንድም ሆኖ ነበር። ኢድሪስ ሥራውን ትቶ አገሩ ከገባ በኋላ፣ «መጥተህ ካላየኸኝ ወዳጄ አይደለህም» ብሎ ላከበት። ጓንጉልም ፈቃድ ጠይቆ፣ ደሴ ልኮ ያሰፋውን አዲስ ቡናማ የቆዳ ጫማ ተጫምቶ በጀልባ ተሻገረ።

ደሴቲቱን ወደዳት። ጠዋት ጠዋት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መንጠቆውን ይወረውራል፤ የጣት ርዝመት የማይሞላ ዓሣ በያዘ ቁጥር መንደሩን እያዞረ ያሳያል። ሴቶቹ «ዛሬስ ዓሣ ነባሪ ይዞ መጣ» እያሉ ያሾፉበታል። እሱም በሹፈቱ ደስ ይለዋል።

በአራተኛው ቀን ኢድሪስ፣ «ዛሬ ሌሊት ባሕሩ ይሸሻል፣ ተዘጋጅ» አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨረቃ በማትታይበት ሰሞን ባሕሩ ከወትሮው አብዝቶ ይሸሻል። ቀን ጀልባ ይሄድበት የነበረው ቦታ ድንጋዩ ይገለጣል፤ በየጉድጓዱ በቀረው ውሃ ውስጥ ዓሣው፣ ሸርጣኑ፣ ቀንድ አውጣው ተይዞ ይገኛል። መንደርተኛው ዘንቢሉንና ፋኖሱን ይዞ፣ እሾህ እንዳይወጋው አሮጌ የጎማ ጫማ አድርጎ ይወርድና ይለቅማል። ደህና ጫማውን ግን ባሕሩ ዳር፣ ረጅም እንጨት ላይ ከሚሰቀለው ማሾ መብራት ሥር ትቶ ይሄዳል። ከማሾው አጠገብ እማ ሐሊማ የሚባሉ አሮጊት ይቀመጣሉ። የአገሩ ሰው፣ ሰውን መቁጠር ዕድሜ ያሳጥራል ብሎ ያምናል። ስለዚህ እማ ሐሊማ ጫማ ነው የሚቆጥሩት። የተመለሰ ሁሉ ጫማውን አንሥቶ ይሄዳል። አንድ ጥንድ እንኳ ከቀረ ባሕር ውስጥ ሰው አለ ማለት ነውና መብራቱ አይወርድም። ጫማ ሲያልቅ ግን ማሾውን ያወርዱና ወደ ቤታቸው ይገባሉ።

ይህን ለጓንጉል የነገረው ሰው አልነበረም። ለእነሱ እሳት ያቃጥላል ብሎ እንደ መንገር ነው፤ እንግዳው አያውቅም ብሎ ያሰበ አልነበረም።

«ልጄ፣ ጫማህን ከሰዎቹ ጋር እዚህ አድርገው» አሉት እማ ሐሊማ። ምጽዋ ገበያ ዓሣ ሲሸጡ ስለኖሩ አማርኛቸው ደህና ነው።

«ሌሊት ሲያልፍ የሚያነሣው ሰው አይኖርም፣ እማማ?»

«እዚህ? ማን ሊያነሣው?»

ጓንጉል የተደረደረውን አየ። የተበጣጠሰ ነጠላ ጫማ፣ ያለቀ ሸራ፣ ከመካከሉ የእሱ ቡናማ ቆዳ ብቻውን ሊያበራ ነው። ከኢድሪስ የተዋሰውን የጎማ ጫማ አጥልቆ አስቀመጠው። አሮጊቷ ዞር ብለው ማሾውን አየር ሲሞሉ ግን ብድግ አደረገና ዘንቢሉ ውስጥ ከጨርቅ ሥር ከተተው። ሰውን ላለማስቀየም የተደረገች ትንሽ ብልሃት ናት ብሎ በሆዱ ራሱን አመሰገነ።

ከዚያ ወረዱ። ኢድሪስ አስጠነቀቀው፤ «ዓይንህን ከማሾው አትንቀል። ባሕሩ ሲመለስ ድምፅ የለውም፣ በእግርህ መካከል ነው የሚገባው።»

ጓንጉልም እሺ አለ። እሺ ያለው ግን የመጀመሪያውን ዓሣ እስኪያይ ነው። ክንድ የሚያህል ዓሣ ጉድጓድ ውስጥ በእጁ በያዘው ባትሪ ብርሃን ሲገላበጥ ሲያይ ልቡ ጠፋ። ነገ ሴቶቹ ምን ሊሉ ነው? ዘለለበት፣ አመለጠው። ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ገባ፣ ተከተለው። ወደቀ፣ ባትሪው ውሃ ገባበትና ጠፋ፣ እሱ እቴ፣ በዳበሳ አሳደደ። ኢድሪስ ከኋላ ሲጠራው ሰምቶ «መጣሁ» አለ፤ አልመጣም። በመጨረሻ ዓሣውን በሁለት እጁ አንቆ ቀና ሲል ውሃው ጉልበቱ ላይ ደርሷል። በአካባቢው አንድም ፋኖስ የለም።

ማሾው ግን እዚያው ዳር ላይ ነበረ፤ ራቅ ብሏል እንጂ ደህና ይታያል። እፎይ ብሎ ወደዚያው ሁለት እርምጃ ተራመደ። በዚህ ጊዜ መብራቱ ከእንጨቱ ላይ ወረደ፣ እየተወዛወዘ ጥቂት ሄደና ከቤቶቹ ጀርባ ገብቶ ጠፋ።

ዓለም ጨለመ። ጓንጉል የትኛው ወገን የብስ፣ የትኛው ባሕር እንደሆነ መለየት አቃተው። ጮኸ። ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ነበርና ድምፁን ወደማይሰማው ወገን ወሰደበት። በእግሩ ሲዳብስ አንድ ከፍ ያለ ድንጋይ አገኘና ወጣበት። ውሃው ተከትሎት ወጣ። ቁርጭምጭሚቱ፣ ጉልበቱ፣ ከዚያ ጭኑ ደረሰ። ዓሣውን መቼ እንደለቀቀው አያውቅም፤ ዘንቢሉን ግን ራሱ ላይ ተሸክሟል።

«ኢድሪስ እንዲህ ይሠራኛል?» አለ ብቻውን። «እንጀራ አብሬው የቆረስኩት ሰው? እያየ መብራት ያጠፋብኛል?» መጀመሪያ ተናደደ። ውሃው ወገቡ ላይ ሲደርስ ንዴቱ ሄደና ፍርሃት ብቻ ቀረ። መዋኘት አይችልም። ለገብርኤል ጃንጥላ ተሳለ። ትንሽ ቆይቶ ጧፍም ጨመረበት። ሚስቱን አሰበ፤ ባሏ ደረቅ ምድር ላይ መኖር ሲችል ባሕር ውስጥ ዓሣ ሲያባርር ሞተ ሲሏት የምትሆነውን አሰበና አለቀሰ።

ውሃው ደረቱን ሲነካ ከሩቅ ብርሃን ብልጭ አለ። አንድ ነበረ፣ ሦስት ሆነ፣ ከዚያ ዳሩ በሙሉ ፋኖስ በፋኖስ ሆነ። ማሾው ተመልሶ ከእንጨቱ ላይ ወጣ። የሰው ጩኸት መጣ፤ ከሁሉም በላይ የሚሰማው የኢድሪስ ድምፅ ነበር።

«ጓንጉል! አለህ?»

«አለሁ» አለ። ድምፁ ስለተዘጋ ደግሞ ደጋግሞ «አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ» አለ፤ አንዲት ታንኳ አጠገቡ ደርሳ ኢድሪስ ብብቱን ይዞ ሲጎትተውም «አለሁ» ማለቱን አላቆመም።

ኢድሪስ አቅፎት እየሳመ ይሰድበዋል፣ እየሰደበ ይስመዋል። «ቀድመኸኝ ወጥተህ ቤት ገብተህ የተኛህ መስሎኝ ነበር እኮ፣ አንተ ሰውዬ! ሚስቴ ‹እንግዳውስ?› ስትለኝ ደሜ ቀጥ አለ።» ጓንጉል ይንቀጠቀጣል፣ ይስቃል። ከጥቂት ደቂቃ በፊት የጠረጠረው ሰው ጋቢውን አውልቆ ሲያለብሰው እንደገና አለቀሰ፤ ይህ ለቅሶ ግን እንደ ፊተኛው አልነበረም፣ ደረቱን ቀለል አደረገለት። ዳር ሲደርሱ ሴቶቹ እልል አሉ። አንዷ ትኩስ ሻይ፣ ሌላዋ ተምር አቀበለችው። እግሩ ደረቁን አሸዋ ሲረግጥ ጎንበስ ብሎ መሬቱን ሳመ። ያን ያህል ጣፋጭ ሻይ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልጠጣሁም ይል ነበር ሲያወራ።

እማ ሐሊማ ብቻ አልሳቁም። ከማሾው ሥር መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያለቅሳሉ።

«ይቅር በለኝ ልጄ» አሉት ሲቀርባቸው። «የኔ ጥፋት ነው። አርባ ዓመት ይህን መብራት ስጠብቅ አንድ ሰው አልጠፋብኝም። ጫማህን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ እዚህ ነበር። ኋላ ሳየው የለም። አንሥቶ ገብቷል አልኩና መብራቱን አወረድኩ። ወይ ሳንቀላፋ ሌባ ወስዶታል፣ ወይ ዓይኔ ጠፍቷል። ከእንግዲህ ሌላ ሰው ይቀመጥ።»

ያኔ ነው ጓንጉል የገባው። የጫማው ነገር፣ የመብራቱ ነገር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባው። ዝም ቢል ማንም አያውቅም ነበር፤ አሮጊቷ ግን ሌባ ያልነበረበትን አገር ሌባ አለበት ብለው፣ ደህና ዓይናቸውን ጠፋ ብለው ሊቀሩ ነው። አፈረ። አንገቱን ደፋና ዘንቢሉን ወደ ራሱ ሳበ፣ ጨርቁን ገለጠ፣ ቡናማውን ጫማ አንድ በአንድ አውጥቶ ፊታቸው አስቀመጠ። ከአንደኛው ውስጥ የባሕር ውሃ ፈሰሰ።

«ሌባ የለም፣ እማማ። ዓይንዎም ደህና ነው» አለ። «እንዳይሰረቅብኝ ብዬ እኔው ነኝ ይዤው የወረድኩት።»

ኢድሪስ ጫማውን አየ፣ ጓንጉልን አየ፣ ከዚያ አሸዋው ላይ ተዘርሮ ሳቀ። መንደሩ ተከተለው። ጓንጉልም ራሱን እየነቀነቀ ሳቀ። እማ ሐሊማ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ ጫማውን አንሥተው ውሃውን ካራገፉ በኋላ ከማሾው ሥር በቦታው አስቀመጡትና፣ «ተመስገን፣ መብራቱን ነገም እኔው እጠብቃለሁ፤ አንተ ግን ልጄ፣ አገርህ ስትገባ እንዲህ ብለህ ንገራቸው፦ ጫማዬን ለሰው አላምንም ያለ፣ ነፍሱን ለባሕር አደራ አለ» አሉት።