ባላምባራስን የሚመስል ጓሮ

«ተረት ተረት!»
«አምጪው ከበረት።»

በድሮ ዘመን ባላምባራስ ድንበሩ የሚባል ሰው ነበር። ጓሮው ጎመንና ነጭ ሽንኩርት፣ ጌሾና ጤና አዳም ሞልቶት ነበር። ያን ሁሉ የተከለችው ሚስቱ አትጠገብ ናት። እሱ እጁን አፈር አስነክቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ቀለመወርቅ የሚባል ሰው ዘንግ ይዞ ወደ አገሩ መጣ። ሥራው ለየሰዉ እንደ ጠባዩ ጓሮ መንደፍ ነበር። የባለቤቱን ጠባይ ይጠይቅና የሚተከለውን በዘንጉ መሬት ላይ ይስላል። ለዳኛው ቀጥ ቀጥ ያለ መደብ አወጣለት፤ ለነጋዴው ደግሞ እንደ ሲራራ መንገድ የሚጠማዘዝ። ባላምባራስ ይህን ሰማና ቀና። አስጠራውም። ቀለመወርቅ ጓሮውን ዞር ዞር ብሎ አየና፦
«ጌታዬ፣ እርስዎ ባለ ግርማ ነዎት። ጓሮዎ ግን ጎመን ብቻ! የሚበላ ተክል የድሃ ነው» አለው።

ባላምባራስ ደረቱን ነፋና ሁሉም ይነቀል አለ። ከእንግዲህ ጎመን በደጄ እንዳይገባ ብሎም ከለከለ። አትጠገብ ጌሾውን እንኳ ተዉልኝ ብላ ለመነችው። አልሰማትም። እሷም የተነቀለውን ለቃቅማ፣ ከአባቷ የደረሳት የወንዝ ዳር መሬት ላይ ወስዳ ተከለችው። በጓሮው ጽድና ጽጌረዳ ተሰለፈ። ባላምባራስም ጠዋት ማታ በመሃሉ ይንጎራደድ ጀመር።

ከዚያም ዐቢይ ጾም ገባ። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ። በቤቱ የቀረው ቆሎ ብቻ ሆነ። ከጎረቤት እንዳይበላ፣ ዳኛውም ነጋዴውም ጎመናቸውን ነቅለው አበባ ያሸታሉ። በሦስተኛው ሳምንት ባላምባራስ መቀነቱን አጥብቆ ወደ ወንዙ ወረደ። አትጠገብ ጎመን ቀቅላ በግራር ጥላ ሥር ተቀምጣለች። አጠገቧ ቀለመወርቅ ጉንጩን ሞልቶ ያላምጣል። ጓሮ በነደፈላቸው ቤቶች ሁሉ የሚቀመስ ቢያጣ ነው የመጣው።

ባላምባራስ ደሙ ፈላና፦
«የሚበላ ተክል የድሃ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህም?» አለው።

ቀለመወርቅ ጉርሻውን ዋጠና፦
«ታዲያ ጌታዬ፣ እኔ ድሃ አይደለሁ?» አለ።

ባላምባራስ ቁጭ አለ። እጁንም ወደ ጎመኑ ሰደደ። አትጠገብ ድስቱን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችና፦
«ከዚህ የሚበላ ውሃ ቀድቶ ተክሉን ያጠጣል። እንስራው ያውና» አለችው።

ባላምባራስ ግራ ቀኙን አየ። ከሦስቱ በቀር ማንም የለም። እንስራውን አነሳ።

ከዚያ ወዲያ ጾሙ እስኪፈታ በየማለዳው እንስራ ተሸክሞ ይወጣ ይወርድ ነበር። ሰው ሲያገኘው ጀርባዬን እያፍታታሁ ነው ይላል። ሰውም እግዜር ያበርታዎት ብሎ ያልፍና፣ ዞር ሲል ይንከተከታል።

ተረቴ አለቀ፤ ጉሮሮዬም ደረቀ። የሰማችሁ ሁሉ ዳቦ ቁረሱልኝ፣ አፌን ባዶውን እንዳላሳድረው።