የአንጓች ጉንጭ

ወንዙ ገና ወንዝ ሳለ ጌታ አልነበረውም። ነጭ ዓሦች በክረምት ሽቅብ ይወጣሉ፣ ጠጠሩ ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ፣ ተመልሰው ይወርዳሉ። በቃ፣ ሕጉ ይኸው ነበር። ሰዎች ግድቡን ሲዘጉት ግን ውሃው ቆመ፤ እርሻውም ግራሩም ሰመጠ። አምባዛ የሚባለው ዓሣ ከጭቃው ብድግ አለና ሪዙን አስተካክሎ «የዚህ ሰፈር ታላቅ እኔ ነኝ» አለ። ማን ጠየቀው? ማንም።

ቆሮሶ የሚባሉትን ዓሦች አዲሱ ውሃ ተስማማቸው። ዳር ዳሩን ደንገል በቀለላቸው፣ በዙ። የቆሮሶ እናት ልጆቿን የምታሳድገው አፏ ውስጥ ነው፤ ልጅ ከያዘች አትበላም፣ አታወራም። አምባዛ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ጉባኤ የጠራውም የእናቶቹ አፍ በሞላበት ሰሞን ነው።

«ወገኖቼ፣ እነዚህ ነጭ ዓሦች ክረምት በመጣ ቁጥር ጥለውን ይሄዳሉ። ውሃችን ምን አነሰው? ከእንግዲህ የወንዙን አፍ የምጠብቀው እኔ ነኝ። የሚቃወም ይናገር። ዝም ያለ ተስማምቷል።»

«በምንህ ነው የምትጠብቀው?» አለች ዘርፌ የምትባል ነጭ ዓሣ። «በጥርስህ?»

«በፍቅር» አለ አምባዛ።

የቆሮሶ አባወራዎች ጎረቤት የአሸዋ ጉድጓዳቸውን እንዳይነጥቃቸው ፈርተው ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ዘርፌ ወደ አንጓች ዞረች። አንጓች ቆሮሶ ናት፤ ያኔ በመጀመሪያው ጎርፍ ልጆቿ ሲበተኑ እየነዳች የመለሰችላት ይህችው ዘርፌ ነበረች።

«አንቺ እንኳ ተናገሪ እንጂ እህቴ! ሽቅብ ካልወጣን እኮ አንወልድም። እናልቃለን!»

አንጓች ልጆቿን ጠዋት ደንገሉ ውስጥ ለቃቸዋለች። አፏ ባዶ ነበር። የአምባዛ ሪዝ ወደ እሷ ዞረ። አንጓች ጉንጮቿን ነፋች።

ዘርፌ አየቻትና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ውይ፣ ይዘሻል ለካ! ይቅር በይኝ የኔ እናት፣ አላየሁም።»

ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

«በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» አለ አምባዛ፣ አንድም ድምፅ ባልተሰማበት።

ክረምት ገባ። ነጭ ዓሦቹ ወደ ወንዙ አፍ ሄዱ፤ ጎርፉ ይዞ የመጣው ግን ቅርፊታቸውን ነው። አንዷ ቅርፊት አንጓች ደጅ ደንገሉ ላይ ተጣብቃ ቀረች። አንጓች ከዚያ ወዲህ የምትወጣው በጓሮ ነው። ክረምት በክረምት ላይ ሲደራረብ ነጭ ዓሣ የሚባለው ስሙ ብቻ ቀረ፤ ትንንሾቹ ተረት ይመስላቸዋል።

የአምባዛ ሆድ ግን አልጠገበም። እንደገና ጉባኤ ጠራ።

«ወገኖቼ፣ ደንገሉን ከእንግዲህ የምጠብቀው እኔ ነኝ። የሚቃወም ይናገር።»

ደንገሉ ውስጥ ያሉት የቆሮሶ ልጆች ናቸው። ከእነሱም መካከል የአንጓች የልጅ ልጆች አሉ። ሴት ልጇ ተጠግታ አንሾካሾከች፦

«እማዬ፣ እኔን ማን ይሰማኛል፤ አንቺ ተናገሪ። ዘንድሮ እንኳ አፍሽ ባዶ ነው። ያኔማ እኔን ይዘሽ ነው። ለእኔ ብለሽ ነው ዝም ያልሽው፣ አይደል?»

የአምባዛ ሪዝ ወደ እነሱ ዞረ።

አንጓች ልትመልስላት ፈልጋ ነበር። ጉንጮቿ ግን ሳታዛቸው ቀድመዋት ተነፉ። ልጅቷ የእናቷን ጉንጭ አየች። ቆይታ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ከአጠገቧ ራቀች።

«ዝም ያለ…» አለ አምባዛ።