በጥላ አምባ ዓለት ላይ ያልተጠረበው ሰው

ከጉላ ወንዝ ማዶ፣ ሁለት ትልልቅ ቋጥኞች እንደ በር መቃን ተራርቀው ከቆሙበት ኮረብታ ላይ፣ ከአንድ ዓለት ተፈልፍሎ የወጣ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ቦታውን አገሬው ጥላ አምባ ይለዋል። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያስገባው መንገድ በአንድ ወገን በረጅም የዓለት ግድግዳ የታጠረ ነው። በዚያ ግድግዳ ላይ ወደ በሩ የሚሄዱ ሰዎች በሰልፍ ተጠርበዋል። እንስራ ያዘለች ሴት አለች፤ ድጅኖ የተሸከመ ጎረምሳ አለ፤ ከአህያው ኋላ የሚሄድ ቦርጫም ሰው አለ፤ ልጇን አዝላ በአንድ እጇ የአፈር ቅርጫት የያዘች እናት አለች። ሰልፉ ግን በሩ ዘንድ ሊደርስ ሲል ይቋረጣል። በመጨረሻው ሰውና በበሩ መካከል አንድ ሰው የሚያቆም ባዶ ስፍራ፣ ምንም መሮ ያልነካው ልሙጥ ድንጋይ አለ። ከባዶው ስፍራ ትይዩ ደግሞ መሬቱ ላይ ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ሁለት የእግር ቅርጾች ተቆፍረዋል፤ ግራው ከቀኙ ይሰፋል።

ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ጎህ ሲቀድ እዚያ ይወሰዳል። ጫማውን ያወልቅና በእግሮቹ ቅርጽ ላይ ይቆማል። ለምን እንደሆነ ሲጠይቅ ሽማግሌዎቹ ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ይህን ታሪክ ያወሩለታል።

እንደሚነገረው በዱሮ ዘመን፣ የነገሠው ንጉሥ ማን እንደነበረ እንኳ ተራኪዎቹ በማይስማሙበት ጊዜ፣ በዚህ አገር እጅጉ የሚባል ጠራቢ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑን ከዓለቱ ያወጣው እሱ ነው፤ አገሬው ሁሉ ግን አብሮት ደክሟል። ገሚሱ ፍርስራሹን በቅርጫት አወጣ፣ ገሚሱ ውሃ አመላለሰ፣ ገሚሱ መሮ ሞረደ። ሥራው ሲያልቅ እጅጉ ሕዝቡን ሰብስቦ፣ «ውስጡን ለቅዱሳን ሠርተናል፤ የውጩ ግድግዳ ደግሞ የደከመውን ሰው ይያዝ። የልጅ ልጆቻችን ይህን መልአክ ሠራው ብለው እንዳይሳሳቱ» አለ ይባላል።

የአጠራረቡ ደንብም እንዲህ ነበር። ጠዋት ፀሐይ በሁለቱ ቋጥኞች መካከል ብቅ ስትል ብርሃኗ ቀጥ ብሎ ግድግዳው ላይ ያርፋል። የሚጠረበው ሰው ከግድግዳው ትይዩ በተዘረጋው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ በየተራው ስፍራ ይቆማል፣ ጥላው ግድግዳው ላይ ይወድቃል፣ የእጅጉ ልጅ ማዘንጊያም ጥላውን በከሰል ዙሪያውን ታሰምራለች። ፀሐይዋ ከቋጥኙ ኋላ ለመዞር ብዙ አትቆይም፤ ስለዚህ በአንድ ጠዋት ከአንድ ሰው በላይ አይሰመርም። እጅጉ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ መስመሩን ተከትሎ ይጠርባል። ቆሞ ጥላውን ያልጣለ ሰው በዚያ ግድግዳ ላይ አይጠረብም።

ማዘንጊያ እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ዓይኗም አያዳላም ነበር። ድንጋይ በአህያ ያመላልስ የነበረው ደምሌ ተራው ደርሶ የቆመ ጊዜ፣ «ማዘንጊያ፣ በሞቴ፣ ሆዴን ቀነስ አድርጊው» ብሎ ለመናት።

«ጥላህን ለምነው፣ አያ ደምሌ። እኔ የማየውን ነው የማሰምረው።»

«አህያዬንማ አሳምረሻት የለም እንዴ!»

«እሷ ስትቆም ዝም ትላለቻ!»

ሕዝቡ ሳቀ፤ ደምሌም ከነሆዱ፣ ከነአህያው ተጠረበ። እስከ ዛሬም እንዳለ አለ።

ማዘንጊያን ግን አንድ ነገር ያስጨንቃት ነበር። የድንጋይ ብናኝ የአባቷን ዓይን ከዓመት ዓመት እያጨለመው ሄዷል። ማታ ሲገባ በሩን በእጁ መፈለግ ጀምሯል። ግድግዳው ላይ የአገሩ ሰው ሁሉ ሲሰለፍ እሱ ብቻ አልተሰለፈም። የሁሉን ጥላ የጠረበ እጅ ሳይታወቅ ሊቀር ነው ብላ ፈራች። በጠየቀችው ቁጥር መልሱ አንድ ነበር፦

«ጋባዥ ቀድሞ አይቆርስም፣ ልጄ።»

በመጨረሻ በበሩ አጠገብ ያለው ስፍራ ብቻ ቀረ። የእጅጉ እንደሆነ ማንም አልተጠራጠረም። ማዘንጊያም ከሰሏን አዘጋጅታ፣ «ነገ አባዬ፤ ከነገ አያልፍም» አለችው፤ እሱም እሺ አላት። በዚያው ቀን ግን የአገሩ ገዥ ደጃች አስራደ ከነሠራዊታቸው መጥተው ከኮረብታው ግርጌ ድንኳን አስተከሉ።

ደጃች አስራደ ለሥራው አንዲት ቅርጫት አፈር አላወጡም፤ ነገር ግን ሰው በዓለት ላይ ተጠርቦ ለዘላለም እንደሚኖር ሰምተዋል። እጅጉን አስጠርተው፣ «በበሩ አጠገብ ያለው ስፍራ የእኔ ነው» አሉት።

እጅጉ እጅ ነሥቶ፣ «ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው፣ ጌታዬ። ማልደው ይቁሙ፤ ጥላዎ የወደቀበትን እጠርባለሁ» አለ።

ማዘንጊያ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። መንገድ ላይ፣ «እንዴት ስፍራህን ትሰጠዋለህ?» ብላ አባቷን ያዘችው።

«አልሰጠሁትም። ደንቡን ነገርኩት እንጂ።»

በነጋታው ደጃች አስራደ በበቅሏቸው ሲደርሱ ፀሐይዋ ቋጥኙን ዞራ ሄዳለች። በማግስቱ ግን ማልደው መጡ፤ ሕዝቡም ሊያይ ተሰበሰበ። ከጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ወጡ። ድባብ ያዡ የጌታው ፊት በፀሐይ እንዳይመታ ባለ ወርቅ ዘርፉን ድባብ ወደ ፊት ዘመም አድርጎ ያዘ። ጌታ ብቻውን ሲቆም ነውር ነውና ጋሻ ጃግሬው በቀኝ፣ ጎራዴ ያዡ በግራ ተጠጉ። ከኋላም ሌሎች ተደረደሩ። ፀሐይ ወጣች። ማዘንጊያም እንደ ወትሮዋ እጇ ሳይንቀጠቀጥ አሰመረች።

ሰዎቹ ፈቀቅ ሲሉ ግድግዳው ላይ የታየው ነገር ታላቅ ክብ ሆኖ ከሥሩ ብዙ እግር ያበቀለ ነበር።

ደምሌ ከሕዝቡ መካከል ቀስ ብሎ፣ «ጎተራ እግር አውጥቶ ሲሄድ ዛሬ ገና አየሁ» አለ። በአካባቢው ያለው ሁሉ ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ ሳቁን በሳል ይሸፍን ጀመር።

«ይህ ማነው?» አሉ ደጃች አስራደ።

«እርስዎ ነዎት፣ ጌታዬ» አለች ማዘንጊያ። «የወደቀውን ነው ያሰመርኩት።»

ያን ጊዜ እጅጉ ቀረብ ብሎ፣ ያለ ተንኮል፣ «ድባቡ ይነሣ፣ አሽከሮችም ፈቀቅ ይበሉ። ነገ ብቻዎን ቢቆሙ አምሮ ይወጣል» አላቸው።

«ጌታችን እንደ ተራ ሰው በፀሐይ ይቁም?» ብለው አሽከሮቹ ጮኹ። ደጃች አስራደ ግን ወዲያው አልተቆጡም ይባላል። የተጠረቡትን ሰዎች አንድ በአንድ አዩ፤ አንድ እግራቸውንም ከድባቡ ውጪ አሳለፉ የሚሉ አሉ። ከዚያ ሕዝቡ ሁሉ እንደሚያያቸው ባወቁ ጊዜ እግራቸውን መለሱ።

«ከሐሳብህ አውጥተህ ጥረበኝ» አሉት እጅጉን። «ሰው ለመጥረብ ጥላ ምን ያደርጋል?»

«ጌታዬ፣ እዚህ ያሉት ሁሉ ቆመው ነው የተጠረቡት። አንዱን በውሸት ብጠርብ ሌሎቹም ውሸት ይሆኑብኛል።»

ደጃች አስራደ በቅሏቸው ላይ ወጡና፣ «እኔ ካልተጠረብኩበት የዚህ አገር ተወላጅ አይጠረብበትም! በዚያ ስፍራ መሮ ያሳረፈ እጁ ይቆረጥ!» ብለው አዋጅ አስነግረው ሄዱ። ማዘንጊያ ጎተራ የመሰለውን ከሰል በውሃ አጠበች። ከሰሉ ታጥቦ ሲወርድ የአባቷም ተስፋ አብሮ የወረደ መሰላት።

ጊዜ አለፈ። የእጅጉ ዓይን ፈጽሞ ጨለመ። ሆኖም ጠዋት ጠዋት በትሩን ይዞ ወደ ጠፍጣፋው ድንጋይ ይሄድና ፀሐይዋን በፊቱ እየሞቀ ይቆማል። አንድ ቀን ማዘንጊያ ተከትላው ሄደች። ፀሐይዋ ወጣች፤ የአባቷም ጥላ በባዶው ስፍራ ልክክ ብሎ ወደቀ። ከደምሌና ከአህያው ፊት፣ ከበሩ አጠገብ፣ ሰልፉን የሚመራ ሰው ሆኖ ታየ። ማዘንጊያ አልቻለችም። ከሰል አንሥታ ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

እጅጉ የከሰሉን ድምፅ ያውቀዋል። «ተይ» አላት። «እጅሽ እንዳይቆረጥ። እጅሽን እፈልገዋለሁ።»

«ለምን ትፈልገዋለህ?»

«መሮውን ለማን ልስጠው ታዲያ?»

በዚያ ዘመን ሴት መሮ አትይዝም ነበር ይባላል። ማዘንጊያ ከግድግዳው ዞራ አባቷ እግር ሥር ተንበረከከች፤ በቆመበት ድንጋይ ላይ የግራና የቀኝ እግሩን ዙሪያ በከሰል አሰመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«የተከለከለው ግድግዳው ነው፣ አባዬ። መሬቱን ማን አነሣው?»

እጅጉ ከብዙ ጊዜ በኋላ ያን ቀን ሳቀ። መሮውንም ከወገቡ አውጥቶ ሰጣት። አጠገቧ ተቀምጦ የመዶሻውን ድምፅ እየሰማ፣ «ጠንከር፤ አሁን ቀስ፤ ድንጋዩ ሲዘፍን ተይው» ይላት ነበር። ቀኙን በደንብ አወጣችው። ግራው ላይ ግን መሮው አመለጣትና ከመስመሩ ውጪ ወደ ጎን ሰፊ ስንጣሪ አነሣ። ማዘንጊያ መዶሻውን ጥላ አለቀሰች። እጅጉ ጎንበስ ብሎ በጣቶቹ ዳሰሰው።

«አበላሸሁት አባዬ። የአንተ እግር አይመስልም።»

«የእኔ ብቻ ቢሆን ማን ይቆምበት ነበር?» አላት። «ተይው። ሰፊ እግር ያለውም ሰው ይበቃዋል።»

ያን ዓመት ነው አሉ፣ አሞሌ ጨው የጫኑ ነጋዴዎች ከቆላ ሲያልፉ አንደኛው የሰልፉን ወሬ ሰምቶ ሊጎበኝ ወደ አምባው የወጣው። ስሙን ማንም አልያዘውም፤ ከረጅም መንገድ የመጣና እግሩ በሙቀት ያበጠ እንደነበር ብቻ ይነገራል። በጠዋቱ ብርሃን እያንዳንዱን ሰው እየነካ ሄደና ባዶው ስፍራ ላይ ሲደርስ፣ «እዚህ የነበረው ሰው ወዴት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ።

ማዘንጊያ የሰውዬውን ያበጠ እግር አይታ፣ «ጫማህን አውልቅና እዚህ ቁም» አለችው። ቆመ። ግራ እግሩ ሰፊው ቅርጽ ውስጥ ገባ። ጥላውም ግድግዳው ላይ ወደቀና ሰልፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞላ። እሱ የዚህ አገር ተወላጅ አይደለም፤ ከሰልም መሮ አይደለም። ማዘንጊያ አባቷን አየች፤ አባቷም ያየ ይመስል ራሱን ነቀነቀላት። የነጋዴውን ጥላ በከሰል ዙሪያውን አሰመረችለት። ሰውዬው ዘወር ብሎ ራሱን ከሠሪዎቹ ጋር፣ በበሩ አጠገብ፣ ከሁሉ ፊት ሲያየው ጓደኞቹን ረስቶ እስኪረፍድ እዚያው ቆመ ይባላል። ወሬውን ጨው በሚሸጥበት ገበያ ሁሉ ተናገረው፤ ከዚያ ወዲህ የጥላ አምባ እንግዳ ተቋርጦ አያውቅም።

ደጃች አስራደ ሞተው አዋጁ በተሻረ ጊዜ እጅጉም አርፎ ነበር። ሽማግሌዎች ተሰብስበው የአገሩ ጠራቢ ወደ ሆነችው ወደ ማዘንጊያ መጡና፣ «እንግዲህ የሚከለክል የለም። አባትሽን በስፍራው ጥረቢው» አሏት። ከልጅነቷ ጀምሮ የተመኘችው ነገር ነው። መሮዋን ይዛ እስከ እግሮቹ ቅርጽ ድረስ ሄደች፤ ግድግዳውንም ከመንካቷ በፊት ለረጅም ጊዜ ቆመች። ከዚያ ተመለሰች።

«አባቴን ብጠርበው የሚመጣው ሰው የት ይቆማል?» አለች። «ደግሞስ አባቴ ጥላውን ሲያሳርፍ የኖረው በዚያው ድንጋይ ላይ አይደለም? ይኸው እንደ ቆመ ነው።»

የደጃች አስራደ የልጅ ልጅ በሌላ አገር ተወልዶ አድጎ አንድ ጊዜ ያለ ድባብና ያለ አሽከር፣ ባዶ ራሱን መጥቶ እንደቆመ የሚናገሩም አሉ። የማዘንጊያ ዘሮች ነን የሚሉት ጠራቢዎች ይህን ሲያነሡ፣ «እሱማ አምሮ ወጣ» ይላሉ።

ዛሬም ልማዱ እንዲሁ ነው። ከሩቅ የመጣ እንግዳ በእግሮቹ ቅርጽ ላይ ቆሞ ጥላው በከሰል ይሰመርለታል፤ መስመሩንም ዝናብ እስኪያጥበው ማንም አይነካውም። በድንጋዩ ላይ ብዙ ሰው ስለቆመበት የእግሮቹ ቅርጽ እንደ መስተዋት ልሟል፤ ግራው ግን አሁንም ከቀኙ ይሰፋል፤ እናስተካክለው ያለ ጠራቢ እስከ ዛሬ አልተገኘም። እንግዳው የራሱን ጥላ ካየ በኋላ ብዙ ጊዜ ወደ ሰልፉ ዞሮ፣ «ይህን ሁሉ የጠረበው ሰውስ የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የጥላ አምባ ሰዎች ይህችን ጥያቄ ሲጠብቁ ነው የሚያድሩት። ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ «ከእግርዎ በታች ይመልከቱ» ይሉታል።